ቅጹ ላይ ሁሉም «በጣም ጥሩ» ነበር

የድንገተኛ አደጋ ሠራተኞችን የሚያሰለጥን የሙያ ፕሮግራም አስተባባሪ ነኝ። ወደ እኛ የሚመጡት የአምቡላንስ ባለሙያ ወይም የእሳት አደጋ ሠራተኛ መሆን የሚፈልጉ ወጣቶች ናቸው። ከፊሉን ጊዜ እኛ ጋ ይማራሉ። ከፊሉን ደግሞ የአምቡላንስ ጣቢያ፣ የእሳት አደጋ ጣቢያና የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ወጥተው ይለማመዳሉ። እነዚህን ነው አጋሮቻችን የምንላቸው።

ለዓመታት ስልጠናው ሲያልቅ ለእያንዳንዱ አጋር አንድ ቅጽ እንልክ ነበር። ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጥበት የተለመደው ዓይነት ቅጽ ነው። ሲመለስ አራትና አምስት ብቻ ነው የምናየው። ታች «ተጨማሪ አስተያየት» የሚለው ቦታ ወይ ባዶ ነው፣ ወይ «በርቱ» ይላል። እኛም ደስ ብሎን ፋይል እናደርገዋለን። ሪፖርት ላይ «አጋሮቻችን በሰልጣኞቻችን ረክተዋል» ብለን እንጽፋለን።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ዓይነት ሥራ ላይ ላላችሁ ነው። ቅጹን እየሰበሰባችሁ ነገር ግን ፕሮግራሙ ለምን እንደማይለወጥ ግራ ለገባችሁ።

አንድ ቀን የተግባር መዝገቦችን ላደርስ አንድ ድንገተኛ ክፍል ሄድኩ። የሚረከበኝ ሰው እስኪመጣ ጥግ ላይ ቆሜ ሳለ በሩ ተከፈተና ቃሬዛ ገባ። ከፊት የያዘው የእኛ ሰልጣኝ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ክፍል ውስጥ ከሁሉም በፊት እጁን የሚያወጣ። ነርሷ ጠጋ ብላ «ምን ሆኖ ነው?» አለችው። ልጁ ወረቀቱን አወጣና ከላይ ጀምሮ ማንበብ ያዘ። ጥሪው የገባበት ሰዓት። የመኪናው ቁጥር። አድራሻ። የደዋዩ ስም። ቃሬዛው ላይ የተኛው ሰውዬ ከንፈሩ ገርጥቷል፣ ላብ አጥምቆታል። ግፊቱ መውረዱ ወረቀቱ ላይ አለ፤ ግን ታች ነው ያለው። ነርሷ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ጓንቷን ሳብ አድርጋ ፊቷን ወደ ታካሚው አዞረችና ራሷ እንደ አዲስ መመርመር ጀመረች። ልጁ ሰሚ በሌለበት ማንበቡን ቀጠለ።

ነገሩ ረገብ ሲል ሄጄ አናገርኳት። «ሲስተር፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አልኳት። ትንሽ አመነታችና እንዲህ አለችኝ፦ «ልጆቻችሁ እጃቸው ወርቅ ነው። አፋቸው ግን ገና አልተፈታም።»

ቢሮ ተመልሼ የእሷን ቅጽ ፈልጌ አወጣሁ። ሁሉም ላይ አምስት ሰጥታለች። ተግባቦት የሚለው ላይም ጭምር። በማግስቱ ደውዬ ለምን ብዬ ጠየቅኳት። መልሷ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ዝቅ አድርጌ ብሞላ ልጁን የምትጥሉት መሰለኝ። ልጁ ምን አጠፋ? ያልተማረውን ነው ያላወቀው።»

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ነበር። እኛ ስለ ፕሮግራሙ የጠየቅን መስሎናል። እሷ ደግሞ በአንድ ወጣት እንጀራ ላይ እንድትፈርድ የተጠየቀች መስሏታል። ማንም ደግ ሰው እንዲህ ተጠይቆ እውነቱን አይጽፍም። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግነው ሁለቱን መለየት ነው። የሰልጣኙ ምዘና ለብቻው፣ በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ሰው ይሞላል። ስለ ፕሮግራሙ ስንጠይቅ የማንም ሰልጣኝ ስም አይነሳም። ገና ስንጀምር በግልጽ እንናገረዋለን፦ «ዛሬ የምትነግሩን ማንንም ልጅ አይጥልም። የሚመዘነው የእኛ ማስተማር ነው።» ይህቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨመር ዓመታት ፈጅቶብናል።

ሁለተኛው ለውጥ ጥያቄው ላይ ነው። «ሰልጣኞቻችን እንዴት ናቸው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የምታገኙት ሰላምታ ነው። «ደህና ናቸው፣ እግዜር ይስጥልን» የሚል። አሁን የምንጠይቀው እንዲህ ነው፦ «በቅርቡ ከሰልጣኛችን ጋር ወጥታችሁ ያስቸገራችሁን አንድ ጥሪ ንገሩን። ከመነሻው እስከ መድረሻው።» ሰው አስተያየት ስጥ ሲባል ይጠነቀቃል፤ የሆነውን ተናገር ሲባል ግን ይናገራል። ታሪኩ ውስጥ ደግሞ እኛ ያልጠየቅነው ነገር ሁሉ አብሮ ይወጣል።

ስብሰባ መጥራትም ትተናል። አዳራሽ ሲሆን የሚመጣው አለቃው ነው። አለቃው ደግሞ ከሰልጣኙ ጋር መኪና ውስጥ አልተቀመጠም። አሁን እኛ ነን የምንሄደው። ፈረቃ ሲቀየር፣ ወጪውም ገቢውም አንድ ላይ ባሉበት ሰዓት፣ ለሃያ ደቂቃ። ሁለት ሰው ሆነን እንሄዳለን። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይጽፋል። የሚጽፈው የሰዎቹን ቃል እንዳለ ነው፤ ወደ ቢሮ ቋንቋ አይቀይረውም። የታካሚ ስምና አድራሻ አይጻፍም፤ ተናጋሪው ቢጠራውም ደብተር ላይ አይገባም። የጥሪ ደወል ከጮኸ ተነስተው ይሄዳሉ፣ እኛም ሌላ ቀን እንመለሳለን። አንድ ጣቢያ ሦስት ጊዜ ተመላልሰናል።

ማንን መጠየቅ እንዳለብን ሳናውቅ ነበር የቆየነው። እስቲ አንዱን ልንገራችሁ።

የአምቡላንስ ሾፌሮችን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም ነበር። አንድ ሾፌር ጥያቄውን ሰምቶ ዝም አለ። ከዚያ ተነስቶ የመኪናውን የኋላ በር ከፈተልን። «ግቡና ቁሙ» አለን። ገባን። «አሁን መኪናው እየሄደ ነው፣ እኔ ፍሬን ያዝኩ። ምን ትይዛላችሁ?» አለ። ሁለታችንም እጃችን አየር ላይ ቀረ። ቀጠለና ወለሉ ላይ ያለ የኦክስጅን ሲሊንደር አሳየን። «ሰልጣኝ ሲጠቀምበት ያወጣዋል፣ ሲጨርስ አጠገቡ ያስቀምጠዋል። አይመልሰውም፣ አያስረውም። እኔ መሪ ይዤ ከኋላዬ የሚንከባለለውን እሰማለሁ።»

የተሞላ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት ከከባቢ አየር ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። አንገቱ ከተመታና ቫልቩ ከተሰበረ እንደ ጥይት ነው የሚወረወረው። ይህን ክፍል ውስጥ እናስተምራለን። ሰልጣኞቹም ፈተና ላይ ይመልሱታል። ልምምዱን ግን የምናደርገው በማይንቀሳቀስ ወለል ላይ፣ በማይንቀሳቀስ አሻንጉሊት ነው። ወለል ላይ ሲሊንደር አይንከባለልም። ስለዚህ ማሰር ለልጆቹ የፈተና መልስ እንጂ የእጅ ልማድ አልሆነም።

የልብ ማነቃቂያውም ያው ነው። ደረት የሚጫነው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ለአዋቂ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በየመሃሉ ደረቱ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ እየለቀቁ ነው። ልጆቻችን ይህን ወለል ላይ ተንበርክከው እንደ ሰዓት ነው የሚሠሩት። በሚሄድ መኪና ውስጥ ስንሞክራቸው ግን ጥልቀቱ ጠፋ። አንድ እጃቸው መያዣ ሲፈልግ ሌላው ደረቱን ይስታል። ቀበቶ አድርጎ ተቀምጦ ምን መሥራት ይቻላል፣ ምን አይቻልም፣ መቼ ነው «መኪናውን አቁምልኝ» የሚባለው? አላስተማርናቸውም ነበር። ይህን ያየነው ሾፌሩ በሩን ስለከፈተልን ነው።

ሁለተኛዎቹ የተረሱ ሰዎች የጥሪ ማዕከል ሠራተኞች ናቸው። ሰልጣኞቻችንን ፊት ለፊት አይተዋቸው አያውቁም፤ ድምፃቸውን ግን በየቀኑ ይሰማሉ። አንዷ የነገረችን ነገር ቀላል ነው። ልጆቹ የሬድዮውን ቁልፍ ተጭነው ወዲያው መናገር ይጀምራሉ። ሬድዮ ደግሞ ለመክፈት ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል። የመጀመሪያው ቃል ብዙ ጊዜ የመኪናው ቁጥር ነው። «ማን እንደሚያናግረኝ ሳላውቅ ነው ወሬው የሚያልቀው» አለች። መፍትሔው ተጭኖ አንድ ሰከንድ ጠብቆ መናገር ነው። አድራሻ ሲነገራቸው ደግሞ «እሺ» ብቻ እንዳይሉ፣ መልሰው እንዲያነቡት ጠየቀችን። አንድ ከሰዓት በኋላ ልምምድ በቂ ሆነ። ሁሉም ነገር ከባድ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የተማርኩት ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። አጋር የሚነግራችሁ ብዙ ጊዜ የራሱን ፍቺ ነው። እናንተ መያዝ ያለባችሁ ከፍቺው በስተጀርባ ያለውን ክስተት ነው።

አንድ የእሳት አደጋ ጣቢያ «ልጆቻችሁ አቅም የላቸውም» አለን። እኛም የጠዋቱን ሩጫ ልናስረዝም ተነሳን። ፕሮግራሙን ልናጸድቅ አንድ ቀን ሲቀረን አብራኝ የምትሠራው አሰልጣኝ «መቼ ነው አቅም ያነሳቸው? እስቲ እንጠይቅ» አለች። ጠየቅን። ጭስ ቤት ልምምድ ላይ ሰልጣኞቹ በጀርባቸው የተሸከሙትን የሲሊንደር አየር ከነባሮቹ በፊት ይጨርሳሉ። ይደክማሉ፣ ይወጣሉ። ጣቢያው ይህን አይቶ ነው «አቅም» ያለው። ነገሩን ስናጠናው የጡንቻ ጉዳይ አልነበረም። ልጆቹ ጭንብሉን ካጠለቁ በኋላ በፍርሃት ቶሎ ቶሎ ነው የሚተነፍሱት። የቀረውን አየር የሚያሳየውን ጌጅም አያዩም። ማስጠንቀቂያው እስኪጮህ ይጠብቃሉ። ማስጠንቀቂያው ደግሞ እንደ መሣሪያው ዓይነት ሩብ ወይም ሲሶ ያህል አየር ሲቀር ነው የሚጮኸው። ያ የቀረው አየር ለሥራ አይደለም፤ አንድ ነገር ቢበላሽ መትረፊያ ነው። ጩኸቱን ሰምቶ መውጣት መጀመር ማለት ዘግይቶ መጀመር ማለት ነው። ሲሊንደሩ ላይ 30 ደቂቃ ይላል ብሎ ማመንም ስህተት ነው። ከባድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ከዚያ በጣም ቀድሞ ይጨርሰዋል።

ሩጫውን እንደነበረ ተውነው። በምትኩ እያንዳንዱ ሰልጣኝ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ደረጃ እየወጣና ቱቦ እየጎተተ የራሱን የአየር ፍጆታ እንዲለካ አደረግን። ጥንዶች እየተጠያየቁ በየተወሰነ ደቂቃ ጌጅ ያነባሉ። አሁን ማንኛውንም ሰልጣኝ ብትጠይቁት በስንት ደቂቃ ስንት አየር እንደሚጠቀም ይነግራችኋል። ያን ቀን ሳንጠይቅ ብንቀር ኖሮ ልጆቹን በከንቱ እያስሮጥን፣ አደጋው ግን እንዳለ ይቀጥል ነበር።

ወደ ርክክቡ፣ ማለትም ታካሚውን ለሆስፒታል ሲያስረክቡ ወደሚነገረው፣ ልመለስ፤ ብዙ የደከምንበት እሱ ነው። ነርሷን «ምን ብትሰሚ ነው የሚረዳሽ?» ብለን ጠየቅናት። እሷና ሁለት ባልደረቦቿ አብረውን ተቀመጡ። ለአደጋ ተጎጂ የተስማማንበት ቅደም ተከተል በብዙ ቦታ ከሚሠራበት ጋር አንድ ነው፦ ዕድሜው፣ የተጎዳበት ሰዓት፣ እንዴት እንደተጎዳ፣ ያየነው ጉዳት፣ የትንፋሽና የልብ ምት ዓይነት ምልክቶች፣ ያደረግንለት እርዳታ። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። አድራሻና ስልክ ወረቀቱ ላይ ይቆያል፤ በአፍ አይነገርም። ነርሶቹ ደግሞ ከእኛ የበለጠ ነገር ጨመሩበት። ታካሚው በቅጽበት እርዳታ የሚፈልግ ካልሆነ በስተቀር በዚያች አንድ ደቂቃ ማንም እጁን እንዳያስገባ፣ ሁሉም እንዲሰማ ራሳቸው ቃል ገቡ። ስለዚህ ለውጡ የእኛ ብቻ አልነበረም። አጋርን በቅንነት ስትጠይቁት እሱም የራሱን ያያል።

ከዚያው ውይይት አንድ ሌላ ነገር ወጣ፤ እኔን በጣም ነው ያስደነገጠኝ። የስትሮክ ታካሚ ሲያመጡ ልጆቻችን የሚጽፉት ጥሪው የገባበትን ሰዓት ነው። ሐኪሙ የሚፈልገው ግን ታካሚው መጨረሻ ላይ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ነው። የደም መርጋትን የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ መቼ እንደጀመረው ያየ ከሌለ ቆጠራው የሚጀምረው መጨረሻ ደህና ሆኖ ከታየበት ሰዓት ነው። ሰውየው ከእንቅልፉ ሲነሳ እጁ አልታዘዝ ካለው፣ ሰዓቱ የነቃበት አይደለም፤ ትናንት ማታ ደህና ሆኖ የተኛበት ነው። ይህን የሚያውቀው ቤት የቀረ ዘመድ ነው። አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ ዘመዱን ማን ያገኘዋል? አሁን ሰልጣኞቻችን ከቤት ሳይወጡ «መጨረሻ ደህና ሆኖ ያየው ማነው? በስንት ሰዓት?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የዚያን ያየውን ሰው ስልክም ይይዛሉ። ፈተናችን ላይም ይህ ሰዓት ከሌለ ርክክቡ እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል።

ልምምዱንም ቀየርነው። ቀድሞ ርክክብ የሚሠራው አሰልጣኝ ፊት ነበር። አሰልጣኝ ደግሞ ያዳምጣል፣ ይነቀንቃል። አሁን ከሆስፒታሉ ነርሶች ተራ ገብተው ይመጣሉ። እንደ ሥራ ቦታቸው ያቋርጣሉ፣ ስልክ ያነሳሉ፣ «ቆይ፣ ድገመው» ይላሉ። ውጤቱን የምንለካው በአንድ ቀላል ነገር ነው። ሰልጣኙ ከጨረሰ በኋላ ነርሷ መልሳ ስንት ጥያቄ ጠየቀች? ያ ቁጥር ሲያንስ ርክክቡ ተሻሽሏል ማለት ነው። አሜሪካዊው የስልጠና ምሁር ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ስልጠናን በአራት ደረጃ መመዘን እንደሚቻል ጽፏል፦ ሰዎች ወደዱት ወይ፣ ተማሩ ወይ፣ ሥራ ቦታ ላይ አሠራራቸው ተቀየረ ወይ፣ ውጤት መጣ ወይ። የድሮው ቅጻችን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነበር የቆመው። የነርሷን ጥያቄ መቁጠር ወደ ሦስተኛው ያስጠጋናል።

የማኅበረሰቡን ሰዎች ልጨምር። አጋር ማለት ዩኒፎርም የለበሰ ብቻ መስሎን ቆይተን ነበር። በኋላ መስማት የተሳናቸው ሰዎችን ማኅበር ጋበዝን። አንዲት ሴት በአስተርጓሚዋ በኩል ታሪኳን ስትነግረን ቆየችና አንድ ነገር ላይ ስትደርስ እስክሪብቶ ጠየቀች፤ ራሷ መጻፍ ፈልጋ ነው። ወረቀቱን ለእያንዳንዳችን አዞረችው። «እጄን ስትይዙት አፌን ነው የያዛችሁት» ይላል።

ልጆቻችን ሊረዷት ሲሞክሩ በደግነት ነበር የያዟት። ስትወራጭ የደነገጠች መስሏቸዋል። እሷ ግን እየተናገረች ነበር፤ የት እንደሚያማት በእጇ እያሳየች። አንዱ እጇ ላይ የደም ሥር መርፌ ገብቷል፣ ሌላውን ደግሞ አንዱ ሰልጣኝ ይዞታል። ጭንብል ስላደረጉም ከንፈራቸውን ማንበብ አልቻለችም። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የአንድም ሰው ሳል እንኳ አልተሰማም። አሁን ሰልጣኞቻችን መርፌ ከማስገባታቸው በፊት ታካሚው በየትኛው እጅ እንደሚጽፍ ወይም በምልክት እንደሚያወራ ይጠይቃሉ። ወረቀትና ትልቅ እስክሪብቶም የመኪናው ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። የማኅበሩ አባላት በእያንዳንዱ ዙር ታካሚ ሆነው ልምምድ ላይ ይሳተፋሉ። ለጊዜያቸው እንከፍላቸዋለን፤ ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። ነርሷ ደመወዝ እያገኘች ነው የምትመክረን፤ እነሱ በነፃ የሚመጡበት ምክንያት የለም።

ሁሉም ግን ቀና አልሄደም። የተሳሳትኩትንም ልናገር።

የሾፌሩን አስተያየት የአሰልጣኞች ስብሰባ ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩት። የመኪና ውስጥ እንክብካቤ የሚባለውን ሞጁል የሚያስተምሩት ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንብቤ ስጨርስ መነጽራቸውን አወለቁና «የሃያ ዓመት ሥራዬን በሰው ፊት እንዲህ ትለኛለህ?» አሉኝ። ትክክል ነበሩ። አስቀድሜ ለብቻቸው ሄጄ ማሳየት ነበረብኝ። ቸኮልኩ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ይቅርታው ግን ሞጁሉን አልቀየረም። የቀየረው በኋላ የሆነው ነው። «ጋሼ፣ አንድ ፈረቃ አብረን እንውጣ» አልኳቸው። ወጡ። ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጠው ሙሉ ሌሊት አብረው ዞሩ። በማግስቱ ሳይተኙ ቢሮዬ መጡና «ከአገልግሎት የወጣ አምቡላንስ ፈልግልኝ» አሉ። ዛሬ በዚያ መኪና ነው የሚያስተምሩት። ሾፌር ሆኖ የሚነዳውም ያው ሰውዬ ነው፣ በወር ሁለት ቀን። ከዚያ ወዲህ አስተያየት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው የሞጁሉ ባለቤት ነው፤ ከዚያ ነው ወደ ሌላው የሚሄደው።

እምቢ ያልነውም አለ። አንድ ጣቢያ በአስተያየት መልክ ያመጣው ሐሳብ ሰልጣኞች ገና በሦስተኛው ወር የሌሊት ፈረቃ ላይ ለብቻቸው እንዲመደቡ ነው። «ቶሎ ይለምዳሉ» አሉ። ዋናው ነገር የሰው እጥረት ስላለባቸው ነው። ችግራቸው ይገባኛል፤ ግን የስልጠና አስተያየት አይደለም። ፊት ለፊት «አይሆንም፣ ምክንያቱም ታካሚውም ልጁም አደጋ ላይ ይወድቃሉ» አልናቸው። ቅር አላቸው። ለአንድ ዙር ሰልጣኝ አልተቀበሉንም። ዋጋው ይኼ ነው። አጋርን መስማት ማለት ያለውን ሁሉ ማድረግ ማለት እንዳልሆነ ለራሳችሁም ለእነሱም ቀድማችሁ ተናገሩ።

አንዳንዴ ደግሞ ሁለት አጋር ተቃራኒ ነገር ይላል። አንዱ ጣቢያ «ልጆቻችሁ አይጽፉም» አለ፣ ሌላው «ወረቀት ላይ ነው የሚያፈጡት፣ ታካሚውን አያዩም» አለ። መሃል ላይ ልናስታርቃቸው አልሞከርንም። ሁለቱንም ጥሪ ዘርዝረው እንዲነግሩን አደረግን። ሁለቱም እውነት ነው። ልጆቹ መጻፍ ባለባቸው ሰዓት አይጽፉም፣ መጻፍ በሌለባቸው ሰዓት ይጽፋሉ። አሁን ታካሚው አጠገብ ሲሆኑ ሱሪያቸው ላይ በለጠፉት ነጭ ፕላስተር ሰዓትና ቁጥር ብቻ ይጭራሉ። ቅጹ የሚሞላው ከርክክብ በኋላ ነው።

መልስ መስጠትን አትርሱ። በየዙሩ መጨረሻ ለእያንዳንዱ አጋር አንድ ገጽ እናደርሳለን፤ በኢሜይል ሳይሆን በእጅ። ሦስት ክፍል አላት፦ የነገራችሁን፣ ያደረግነው፣ ያላደረግነውና ምክንያቱ። ሦስተኛውን ክፍል ስንጽፍ መጀመሪያ ፈርተን ነበር። ሰዎች በጣም የሚያነቡት እሱን ሆኖ አገኘነው። የሾፌሮቹ ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፋ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ሳንጠይቃቸው መደወል የጀመሩት።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ምንም ሞጁል የሌለን ነገር ነው እየነገሩን ያሉት። አንድ የሌሊት ፈረቃ ኃላፊ፣ ያስቸገረህን ጥሪ ንገረን ስንለው ብዙ ቆየ። ሕፃን ያረፈበት ጥሪ ነበር። ሰልጣኟ ሁሉንም ነገር በትክክል ሠርታለች፤ ምንም ያጎደለችው የለም። ጣቢያ ሲመለሱ መኪናውን አጠበች፣ ዕቃውን በየቦታው አስገባች፣ ማንንም ሳታናግር ወጣች። በማግስቱ አልመጣችም። «ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት እሷን ነው። ግን ለማን እንደምደውል አላውቅም። የእናንተ ልጅ ናት ወይስ የእኛ?» አለን።

መልስ አልነበረንም። ለአሁኑ ያደረግነው ይህን ነው። እያንዳንዱ መኪና ውስጥ፣ ከሾፌሩ መቀመጫ በላይ፣ ሌሊትም ቀንም የሚነሳ የአንድ አሰልጣኝ ስልክ ቁጥር ተለጥፏል። እንዲህ ዓይነት ጥሪ ካለ የፈረቃው ኃላፊ ይደውላል፤ አሰልጣኙ ልጁ ወይም ልጅቷ ቤት ከመግባታቸው በፊት ጣቢያው ድረስ ይሄዳል። ባለፈው ወር ተረኛው እኔ ነበርኩ። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ሁለቱንም ጊዜ የደወለው ሾፌሩ ነው።